ስለ ወንዙ የተጠራ ስብሰባ

መሐንዲሷ በመንደሩ አዳራሽ የማይክሮፎኑን ገመድ እየፈታች ነው። በኒውክሌር ጣቢያው አንድ የእንፋሎት ማመንጫ ቱቦ በማንጠባጠቡ ጣቢያው ቆሟል፤ ከፈሰሰው ግን ወደ ወንዙ አንዲትም ጠብታ አልገባችም። መንደርተኛው ይህን ካላመናት «ጣቢያው ይዘጋ» የሚል ጩኸት ይነሳል፤ እሷም ከሥራዋ ትነሳለች።

አስረድታ ስትጨርስ፣ ከወንዙ የተቀዳ አንድ ብርጭቆ ውሃ በመንደርተኞቹ ፊት ጭልጥ አደረገች። ማንም አላጨበጨበም። ከፊት የተቀመጡት እማማ ዘርትሁን ተነሱ።

«ልጄ፣ እኛ እንኳ ሳናፈላው አንጠጣውም» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «እሱን ተዪውና፣ ቱቦው ተጠገነ ወይ?»

«ገና ነው እማማ፤ ወር ይፈጃል። እስከዚያ ጣቢያው ሥራ አይጀምርም፤ አይስጉ።»

«ወር ሙሉ?» የእማማ ፊት ጠቆረ።

«ለእናንተው ደኅንነት ብለን ነው።»

«የምን ደኅንነት! ጣቢያችሁ ማሽኑን አቀዝቅዞ የሞቀውን ውሃ ወደ ወንዙ ሲለቅ እየታጠብኩ ነው ከጉልበት ሕመሜ የተላቀቅኩት። እሱ ከቆመ ወዲህ ወንዙ በረዶ ሆኗል!»

«የኔስ ወገብ!» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ ፎጣቸውን እያውለበለቡ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «እውነት ነው!» አለ።

«በይ ጻፊ» አሏት እማማ።

መሐንዲሷ «ነዋሪዎቹ ጣቢያው ባስቸኳይ ሥራ እንዲጀምር ጠይቀዋል» ብላ ጻፈች፤ አራት ነጥብ አድርጋም እስክሪብቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።