ዳክዬዋ ዝም ስትል

«ጭመቂያት» ይለኛል ኤይቪንድ፣ የማደንዘዣው ሐኪም። እጨምቃታለሁ። ቀኝ እጄ ውስጥ ያለችው ቢጫ የላስቲክ ዳክዬ «ሲጥ!» ትላለች።

«ጎበዝ! ስሚኝ ሱልፍሪድ፣ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ጊዜ። እኔ አቁሚ እስክልሽ እንዳታቆሚ።»

አንገቴ በግራ በኩል ተከፍቷል። ነቅቻለሁ፤ አንገቴ ብቻ ስለደነዘዘ ሕመም የለውም፤ መጎተትና መነካካት ብቻ ነው። ፊቴ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ እንደ ድንኳን ተወጥሯል፤ ከሥሩ ያለነው እኔና ኤይቪንድ ነን። ከጨርቁ ማዶ ቱሪል የምትባለው ቀዶ ሐኪም ወደ አንጎሌ የሚወጣው የደም ሥር ውስጥ የተጋገረውን ስብ ልትጠርግልኝ ነው። ለመጥረግ ደግሞ የደም ሥሩን ለግማሽ ሰዓት ያህል ቆንጥጣ መዝጋት አለባት።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ለባሌ ለአርንፊን ጋዜጣ ሳነብለት ምላሴ ተያዘ። ዓይኑ ከጠፋ ስድስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት የሞቱ ሰዎች ማስታወቂያ ከሚወጣበት ገጽ ጀምሬ አነብለታለሁ፤ ማን እንደሞተ ሳያውቅ ቁርስ አይበላም። ያን ቀን ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። የቆየው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ግን እሱ ጠረጴዛውን እየዳበሰ «ሱልፍሪድ፣ የት ሄድሽ?» ሲል አጠገቡ ቁጭ ብዬ መልስ አጣሁ።

ልጃችን ማሪት «ተኝተሽ ይሥሩልሽ፣ ምን በወጣሽ ታያለሽ!» አለችኝ። ኤይቪንድን ጠየቅኩት። አልዋሸኝም። «ተኛሽም ነቃሽም፣ ስትሮክ የመምጣቱ ነገር ያን ያህል አይለያይም። ነቅተሽ ከሆነ ግን አንጎልሽ ደም ሲያንሰው ራስሽ ትነግሪናለሽ» አለኝ። እንግዲያው እኔው ልንገራችሁ አልኩት። ተኝቼ ሌላ ሴትዮ ሆኜ ከምነቃ፣ ቤቴን እዚያው ሆኜ ብጠብቅ ይሻለኛል። ዳክዬዋን ለመለማመጃ ትናንት ሰጥቶኝ አርንፊን ጆሮ ሥር ሳስጮኻት ባሌ እንደ ልጅ ሳቀ። «በቃ፣ እሷ ከጮኸች አንቺ አለሽ ማለት ነው» አለ።

«ልዘጋው ነው» ትላለች ቱሪል። ክፍሉ ጸጥ ይላል። እኔም ዳክዬዋን መጭመቅ አቆማለሁ።

«ሱልፍሪድ!» ኤይቪንድ ፊቴ ላይ ይደፋል። «እጅሽ! እጅሽ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ሰው ሥራ ላይ ነው ብዬ እኮ ነው።»

ከጨርቁ ማዶ ሳቅ ይፈነዳል። ምን ላድርግ? እናቴ ከወተቷ ጋር ያጠጣችኝ ቃል «አታስቸግሪ» የሚል ነው። እኛ እዚህ ባሕር ዳርቻ ያደግን ሰዎች ቤታችን ቢቃጠል እንኳ ጎረቤት የምንጠራው እራት ላይ አለመሆኑን አረጋግጠን ነው።

«አስቸግሪ እንጂ!» ይላል ኤይቪንድ። «በእናትሽ አስቸግሪን!»

ሲጥ። ሲጥ። እንዳላቋርጥ ወሬ ይጠይቀኛል።

«የዓሣ ሾርባሽ ውስጥ ምን ትጨምሪያለሽ?»

«ክሬም። ትንሽ ኮምጣጤ።»

«ኮምጣጤ? ወይ ጉድ! እናቴ እንዳትሰማሽ።»

ሲጥ። ከዚያ ዳክዬዋ ዝም አለች።

እየጨመቅኳት ነው። በደንብ አድርጌ እየጨመቅኳት ነው፤ እሷ ግን ዝም። ተበላሸች እላለሁ በልቤ፤ ርካሽ ዕቃ!

«ጭመቂያት እንጂ» ይላል ኤይቪንድ እየሳቀ። «ደግሞ ይሉኝታ ያዘሽ?»

ዳክዬዋ ተበላሽታለች ልለው አፌን እከፍታለሁ። የሚወጣው ማጉረምረም ነው። ያን ጊዜ ይገባኛል። ወይኔ፣ የተበላሸሁት እኔ ነኝ።

የኤይቪንድ ሳቅ ፊቱ ላይ ይደርቃል። «ቱሪል፣ ቱቦውን! አሁን!»

ደሙ በተዘጋው ቦታ አልፎ እንዲሄድ የሚያስገቡት ቀጭን ቱቦ ነው፤ አስቀድመው ነግረውኛል። ከማዶ ብረት ይንኳኳል፤ ሰው ይሯሯጣል። እኔ የሚታየኝ ጠረጴዛውን የሚዳብሰው የአርንፊን እጅ ነው። አምላኬ፣ እጄን ውሰደው፣ አፌን ብቻ ተውልኝ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ይወርዳል። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

«ገብቷል» ትላለች ቱሪል። «ደሙ እያለፈ ነው።»

ኤይቪንድ መዳፉን ከእጄ ሥር አድርጎ ይጠብቃል። አይጨምቅልኝም፤ ይጠብቃል ብቻ። ጣቶቼን እለምናቸዋለሁ። ትንሿ ጣቴ ትንቀሳቀሳለች። ቀጥሎ ሌላዋ።

ከዳክዬዋ ቀጭን ትንፋሽ ይወጣል፣ ልክ እንደ ታመመች ጫጩት። ከዚያ ሲጥ። ከዚያ ሲጥ! ሲጥ! ሲጥ!

«በየአምስት ሰከንዱ ብዬሽ ነበር» ይላል ኤይቪንድ።

«አስቸግሪ ብለኸኛል» እለዋለሁ። ቃሉ ሙሉውን ወጣልኝ።

ሰፍተው ሲጨርሱ አልጋዬን እየገፉ ያወጡኛል። ዳክዬዋን ስጪ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ዝም ብሎ ተቀምጧል። አርንፊን ጥግ ላይ ነው፤ የዛሬው ጋዜጣ እንደታጠፈ ጉልበቱ ላይ አለ። ማሪት አጠገቡ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛለች፤ ከጠዋት ጀምሮ አልበላም ብሏታል።

ብዙ አልጋ ያልፋል። የእኔ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ቀኝ እጄን አነሳሁና፣ ሰው ምን ይለኛል ሳልል፣ ባለኝ ኃይል ጨመቅኳት።

አርንፊን ጭንቅላቱን ቀና አደረገ። ጋዜጣውን ወደ ድምፁ ዘረጋ።

«ቶሎ በይ» አለኝ። «ርቦኛል።»