ወላጅ አምጪ

ይሄን ሳልጽፈው አላድርም፣ ናዕማ ትሙት።

ናዕማ ጓደኛዬ ናት። እስከ አምና ድረስ እኔ ስጠጋ ልጆች ወሬ ያቆሙ ነበር። ዘንድሮ እሷ አጎቷ ከዱባይ ያመጣላትን ካርድ ይዛ መጣችና «ለሁለት ነው የሚጫወቱት፣ ነይ» አለችኝ። ካርዱ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ የምተረጉመው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ እጄን ሳወጣ እንኳን አልፈራም።

ትናንት በእረፍት ሰዓት ካርዱን እየተጫወትን፣ ዘንዶ የሚባለውን ልገዛ ስል ከበው የሚያዩን ልጆች «ቲቸር በቀለ መጣ» ብለው ተበተኑ። ዩኒት ሊደራችን ነው። ካርዱን ሰበሰበና ቢሮ ጠራኝ።

ቁማር ነው አለ። ወላጅ አምጪ አለ።

እናቴ ለቅሶ ቡታጅራ ሄዳለች። ቤት ያለው አባቴ ብቻ ነው፤ አባቴ ደግሞ በካርድ ቀልድ አያውቅም። ካርዱ ካልተመለሰ ግን ናዕማ አታናግረኝም፤ እንደ ድሮው ብቻዬን ልቀመጥ ነው።

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «ቲቸር፣ ቁማር አይደለም፤ ላሳይዎት» አልኩት።

ጠረጴዛውን ጠረገ። «ካሸነፍሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ካሸነፍኩሽ ወላጅሽ መጥቶ ይወስደዋል።»

አስረዳሁት። ስንጀምር ሁለታችንም ያው ደካማ ካርድ ነው ያለን፤ ሳንቲምና ጩቤ። በየዙሩ ከየራሳችን ክምር አምስት አምስት እናነሳለን። በሳንቲሙ መሀል ላይ ከተዘረጋው ጠንቋይ፣ ፈረሰኛ፣ ዘንዶ እንገዛለን። የተገዛው ግን ወዲያው እጅ አይገባም፤ ከተጣለው ጋር ይቀመጥና ክምሩ ሲያልቅ ተበውዞ ይመጣል። ጩቤና ዘንዶ የሌላውን ነፍስ ይቀንሳሉ። ነፍሱ ቀድሞ ያለቀበት ተሸነፈ።

«ከፍለሽ ተራ የምትጠብቂበት? ዕቁብ ነው በይኛ» አለ።

ሳልፈልግ ሳቅኩ።

ከዚያ እሳት የሚባለውን ካርድ ገዛና የራሱን ሳንቲሞች አንድ በአንድ ከጨዋታ ያስወጣ ጀመር። አዘንኩለት።

«ቲቸር፣ የራስዎን እኮ ነው የሚያቃጥሉት።»

«ተይኝ፣ ቤቴን ላጽዳ።»

እኔ ያገኘሁትን ሁሉ ገዛሁ። ክምሬ ወፈረ። ዘንዶዬ መሀሉ ገብቶ ጠፋ፣ ሳንቲም ብቻ ይደርሰኝ ጀመር። የሱ ክምር ቀጭን ስለሆነ የገዛው ዘንዶ በየዙሩ ይመጣለታል። በመጨረሻ ነፍሴ አለቀች።

«ጎበዝ አስተማሪ ነሽ» አለኝ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ እየቆለፈ። «ነገ ጠዋት፣ ወላጅ።»

ናዕማ በር ላይ ጠብቃኝ ነበር። ነገርኳት።

«አንቺን እንኳን አይምርም በቃ?» አለች።

ታክሲ ውስጥ ገላን ኮንዶሚኒየም እስክደርስ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ራት ላይ አባቴ ትምህርት እንዴት ዋለ አለኝ። ጥሩ ነው አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ፊቴን እንኳን ሳልታጠብ መጀመሪያ ያደረግኩት የአባቴን መኝታ ቤት በር ማንኳኳት ነው።

«አባዬ፣ ተነስ። ትናንት ቢሮህ ወላጅ አምጪ ብለኸኝ የለ?»