ማን ልበል?

ወንድይፍራው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ሥራ ፍለጋ ብዙ ደጅ ጠና። በመጨረሻ አንድ የስልክ አገልግሎት ድርጅት እሱን ትቶ ድምፁን ቀጠረው፤ ከጉሮሮው ወስዶ ማሽን ውስጥ አስገባው። ሲፈርም «ከእንግዲህ ምን የምናገረው አለኝ?» ብሎ ነበር። ያ የመጨረሻ ቃሉ ሆነ።

ዛሬ ልጁ ማኅደር ተሞሽራለች። ጉልበቱን ስማ፣ እንደተንበረከከች ምርቃቱን ጠበቀች። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«እኔ ልመርቅልህ?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

ወንድይፍራው በእንቢታ ራሱን ነቀነቀ። ማኅደር ስልኳን አውጥታ ድርጅቱ ጋ ደወለች፤ እንዲሰማም ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ማን ልበል?» አለ የአባቷ ድምፅ።

«ማኅደር ወንድይፍራው።»

«ይቅርታ እመቤቴ፣ የአባትዎን ስም አልሰማሁትም፤ ቢደግሙልኝ?»