የአቶ ካሣ የሕይወት ታሪክ

ይሳቅ የሕይወት ታሪክ መጻፍ ከጀመረ ወዲህ በድሬዳዋ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ቀብር ላይ የሚነበበውን እሱ ከጻፈው፣ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረው «ትዳሩን አክባሪ» ይሆናል፤ ከጎረቤት ሁሉ የተጣላው ደግሞ «እውነትን ፊት ለፊት የሚናገር»። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ይተያያል እንጂ ትንፍሽ አይልም። ሙት አይወቀስም።

ይህ ግን ለእንጀራ ያህል ነው። ይሳቅ ራሱን የሚቆጥረው በልብ ወለድ ደራሲነቱ ነው። «ከእንግዲህ በብዕሬ ብቻ እኖራለሁ» ብሎ መምህርነቱን ሲተው ያሳተማት መጽሐፍ እስከ ዛሬ በካርቶን ታሽጋ አልጋው ሥር ተኝታለች። በብዕሩ ይኑር እንጂ የሚያድረው እናቱ ቤት ነው፤ የሚበላውም እናቱ ቀፊራ ገበያ በርበሬና ቅመም ሸጣ የምታመጣውን። አርባን ተሻግሯል።

«እኔም ደከመኝ፤» አለችው በቀደም። «ይህን ሳምንት አይቼህ ነው። ወይ ብዕርህ ያብላህ፣ ወይ ፓርኩ ግባ። ሰው እየቀጠሩ ነው አሉ።»

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲነሳ ይሳቅ ወሬ ይለውጣል። ደራሲ ካርቶን ሲያሽግ ታየው።

ኑሀሚን የመጣችው በማግስቱ ነው።

«የአጎቴን የሕይወት ታሪክ እንድትጽፍልኝ ነበር። የአቶ ካሣን።»

አቶ ካሣን የማያውቅ የለም። ከምድር ባቡር መጋዘን ኃላፊነት በጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ከሞተችባቸው የቆዩ፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ናቸው። ደጃቸው ላይ ካለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሰው አረፍ ካለ ውሃ ይደፉበታል። በድሬዳዋ ፀሐይ ጥላ የሚከለክል ሰው እንግዲህ ምን ይባላል? ቤት የሚውል ጎልማሳ ደግሞ ጠላታቸው ነው። ይሳቅን ባዩት ቁጥር «ዛሬም ሥራ የለህም?» ይሉታል፣ መንገደኛው እስኪሰማ።

«ነፍስ ይማር። መቼ አረፉ?» አለ ይሳቅ።

«ኧረ አቦ፣ በሕይወት አሉ!» ኑሀሚን ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። «ለቅዳሜ ግን ይድረስልኝ። ደግነታቸው በደንብ ይውጣ። ዕድሜያቸውን አትጥቀስ። መጨረሻውንም ክፍት ተወው፣ እሱን እኛ እንሞላዋለን።»

«እሳቸው ያውቃሉ?»

«በል ለማንም እንዳትተነፍስ!»

የምትከፍለው ለወራት ከፓርኩ የሚያስጥል ነው። የአቶ ካሣ ቤት ለማን እንደሚተርፍ ለማወቅ ደግሞ ደራሲ መሆን አያስፈልግም።

ይሳቅ ነገሩን በዓይኑ ሊያይ ሄደ። ኒሟ ሥር የባጃጅ ሹፌሮች ተጋድመው ሲያወሩ አገኛቸው።

«ወላሂ እሳቸው ናቸው ተቀመጡ ያሉን፤» አለው ናሲር የሚባለው ሹፌር። «ሰው ሊሞት ሲል ጠባዩ ይለወጣል ይላሉ። እኔ ፈርቻለሁ።»

አቶ ካሣ ከስተዋል። ኑሀሚን አረንጓዴ ነገር በብርጭቆ ይዛ መጣች፣ እስኪጨርሱትም አጠገባቸው ቆማ ጠበቀች።

«ይህቺ ልጅ በዚህ መጠጥ ትጨርሰኛለች፤» አሉ ፊታቸውን አጨማደው።

ይሳቅ ባዶውን ብርጭቆ ሰረቅ አድርጎ አየ። ሰውየው ስለ ሥራው አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ጤናውን ጠየቁ፣ እናቱን ጠየቁ፣ የሰፈሩን ሰላም ጠየቁ። ሲሸኙትም እጁን እንደያዙ፣ «እንግዲህ ቅዳሜን ያድርሰን፤» አሉት።

ልቡ ተነካ። መንገር እንዳለበት ያውቃል። ግን ከነገራቸው ይድናሉ፤ ከዳኑ ጽሑፉ ይቀራል፤ ጽሑፉ ከቀረ ፓርኩ አለ። ደራሲ ታዛቢ እንጂ ፖሊስ አይደለም ሲል ራሱን አጽናና።

ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ በሩን ዘግቶ ጫቱን ይዞ በርጫ ሲቀመጥ፣ እሱ ጻፈ። ሰውየውን ከሞት ባያድናቸውም ከሐሜት ሊያድናቸው ቆርጦ ተነሳ። ጥላቸው ለመንገደኛ፣ ማዕዳቸው ለተራበ፣ ምክራቸው ለወጣት። ሲጨርስ የገዛ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስማቸውን ዘሎ፣ በርበሬ ለምትቀነጥሰው እናቱ አነበበላት።

እናቱ እጇን አቆመች። «የምድር ባቡር መጋዘን ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«እውነት ነው ይሄ ሁሉ፣ ወይስ እንደ ልማድህ ነው?»

ይሳቅ ቅር አለው። የራሱ እናት እንኳ ጽሑፉን ካላመነች ማን ሊያምነው ነው?

«እውነት ነው እማዬ። ቀርቤ አውቃቸዋለሁ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው የለም።»

እናቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። በርበሬው ይሆናል አለ በልቡ።

ጽሑፉን ለኑሀሚን አስረከበ። ቅዳሜ ማለዳ ጥቁር ኮቱን ለብሶ የእድር ጡሩንባ ሲጠብቅ ደጁ ተንኳኳ። ሲከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ፊት ያሉት የአቶ ካሣ የድሮ የሥራ ባልደረባ ጋሽ ሙመድ ናቸው። በማለዳ፣ ተሰብስበው፣ ኮስተር ብለው። ይሳቅ መርዶ አይቶ ያውቃል። ለንባቡ ሊወስዱት መምጣታቸው ነው።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ።»

ገቡ፤ አልተቀመጡም። ያኔ ነገሩ ተረጋገጠለት። ለሰውየው አዘነ፤ ዝም በማለቱም አፈረ፤ ከፓርኩ በመትረፉ ደግሞ በሆዱ ፈጣሪውን አመሰገነ።

«ነፍሳቸውን ይማር፤» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ ሙመድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይሳቅ፣ የካሣን ደግነት አንተው በእጅህ ጽፈሃል፣ እናትህም ‹ልጄ አይዋሸኝም› ብላ እሺ ብላለች፤ እናትህን ለትዳር እንድትሰጠው ካሣ ልኮናልና፣ አንተም እሺ በለንና እንቀመጥ።»