ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውሃ የከለከላት ሰው

"ለአንቺ ውሃ የለም።"

ማራቶን የምትሮጠው ሾፌር የሰማችውን አላመነችም...

ጠረጴዛው ላይ መቶ የሚሆን ኩባያ ሞልቶ ተደርድሯል። ሌሎቹ ሯጮች እያነሱ ያልፋሉ። እሷ እጇን ስትዘረጋ ግን ቆብ ያደረገው ሽማግሌ ኩባያውን ወደ ኋላ ሳበው።

"አባባ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሮጬ ነው የመጣሁት።"

"አያለሁ። ለዚያ ነው የከለከልኩሽ።"

አጠገቧ የደረሰ ሯጭ "ሰውዬ፣ ከኪስህ ነው እንዴ የምትሰጠው?" ብሎ ሁለት ኩባያ አንስቶ ሄደ።

ሾፌሯ እንባዋ መጣ...

የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናት። በቀደመው ዓመት በዚሁ ማራቶን ሠላሳ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ በውሃ ጥም ወድቃ በቃሬዛ ነው የወጣችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልደረቦቿ ስሟን ትተው "ሠላሳ ስምንት ቁጥር" ይሏታል።

"ሠላሳ ስምንት ቁጥር መጨረሻ ፌርማታ አይደርስም፤ ቀድማችሁ ውረዱ..."

አብራቸው ትስቃለች። ቤቷ ስትገባ ግን ሳቁ የለም።

ስለዚህ በዚህኛው ውድድር አንድም የውሃ ጠረጴዛ አላለፈችም። ጠማትም አልጠማትም፣ በየጣቢያው ሁለት ሁለት ኩባያ ጨልጣ ነው እዚህ የደረሰችው።

"እጅሽን አሳዪኝ" አላት ሽማግሌው።

ጣቶቿ አብጠዋል። የሰዓቷ ማሰሪያ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል።

"ራስሽን ያምሻል? ያቅለሸልሽሻል?"

"አዎ... ስለጠማኝ ነው።"

"አልጠማሽም ልጄ። ውሃው ሆድሽ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ከዚህ ይሰማኛል።"

ክንዷን ይዞ ጎን ወዳለው የሕክምና ድንኳን አስገባት።

ሐኪሟ መርምራት "ውሃ አብዝተሻል" አለች። "ጨውሽ በላብ ይወጣል፤ አንቺ ውሃ ብቻ ትጨምሪበታለሽ። በዚሁ ብትቀጥዪ ራስሽን ስተሽ ትወድቂ ነበር። የማይነሡበት አወዳደቅ አለ።"

ውሃ ልታድል አብራው የመጣችው የሽማግሌው ሚስት ከፔርሙዝ ጨው የበዛበት ሾርባ ቀዳችላት።

"መቼ ነው የምሄደው?"

"ራስ ምታቱ ሲተውሽና ሽንትሽን ስትሸኚ" አለች ሐኪሟ።

የማጠናቀቂያው መስመር ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቷል...

አሥር ደቂቃ... ሃያ ደቂቃ...

"በሕይወቴ ሽንት እንዲህ ጠብቄ አላውቅም" አለች ሾፌሯ።

"እኔ ደግሞ ሦስት ልጅ ሳሳድግ 'ትንሽ ያዝ' ስል ነው የኖርኩት" አለች ሚስትየዋ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሾፌሯ ከመጸዳጃ ቤት እየሳቀች ወጣች።

ሐኪሟ ደግማ አየቻት። "ሲጠማሽ ብቻ፣ ጥቂት ጥቂት። ካመመሽ ትቆሚያለሽ።"

በእርምጃ ጀመረች። ከዚያ ሶምሶማ...

ሠላሳ አምስት... ሠላሳ ሰባት...

ሠላሳ ስምንት ላይ አራት ባልደረቦቿ ስልካቸውን ደግነው ቆመዋል። ስትወድቅ ሊቀርጿት።

"ወራጅ አለ?" አላት አንዱ።

"እዚህ ወራጅ የለም" ብላ አለፈችው።

እየሳቁ ነበር መከተል የጀመሩት። አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ግን ሳቁ ቀርቶ በስሟ እየጠሩ "በርቺ" ይሏት ነበር።

ሊዘጋ አራት ደቂቃ ሲቀረው መስመሩን ረገጠች።

ሜዳሊያዋን እንዳጠለቀች የባልደረቦቿ መኪና ውስጥ ገብታ ወደ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ተመለሰች። ሽማግሌው ጠረጴዛውን እያጠፈ ነበር።

"አባባ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። በሆዴ ሰድቤዎት ነበር።"

"ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ" አላት።

"...እርስዎ?"

"ባለፈው ዓመት ቃሬዛሽን ከያዙት አንዱ ነበርኩ። 'ከእንግዲህ ባይጠማሽም በየጣቢያው ሁለት ሁለት ጠጪ' ያልኩሽ እኔ ነኝ።"

ሾፌሯ ደነገጠች። ምክሩን እንጂ መካሪውን አታስታውስም ነበር...

"በኋላ ለውሃ አዳዮች ስልጠና ተሰጠን። እንዲህ ያለው ምክር ሰው እንደሚገድል የሰማሁት ያኔ ነው። ስምሽን አላውቅ፣ ቤትሽን አላውቅ..."

ሚስቱ ቀጠለች። "ሠላሳኛው ላይ መድቡኝ ብሎ ለመነ። እዚህ ሯጭ ሁሉ ስለሚዘገይ ፊት ይታያል። ከጠዋት ጀምሮ የሴት ፊት ሲመረምር ዋለ... አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ ሲያፈጥ አይቼው አላውቅም። ለዛሬ ፈቀድኩለት።"

ሾፌሯ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ግን እጇን ከአንገቱ አውርዶ ጣቶቿን ነበር የሚያየው... እብጠታቸው ጎድሎ እንደሆነ።

ያ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም።

በዘንድሮው ውድድር ሾፌሯና አራቱ ባልደረቦቿ አብረው ሮጡ። አምስቱም ጨረሱ።

ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውሃ የምታድለው ሚስቱ ነበረች። ኩባያውን ከመስጠቷ በፊት እያንዳንዱን ሯጭ ጠየቀች...

"ጠምቶህ ነው ወይስ ፈርተህ?"

ወዳጆቼ... በቅንነት መክሮ የማይሳሳት የለም። ስህተቱን ሲያውቅ ግን ዓመት ሙሉ ፊት አስታውሶ፣ መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ጥቂት ነው። የሰው ፍቅር ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

እናንተስ... ለሰው የሰጣችሁት፣ በኋላ ስህተት ሆኖ ያገኛችሁት ምክር አለ? ያንን ሰው ፈልጋችሁ ነገራችሁት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።