ካርቦ እና ኮምፒውተር

ሰርጉ እሑድ ነው። እስከ ሐሙስ ድረስ የሙሽራዋ መኪና አልተነሳም፤ ሁለቱ ወንድሞቿ በምን ይነሳ በሚለው አልተስማሙማ!

መኪናው የሟቹ አባታቸው ነው። ዓይነ ክብ፣ ኒኬሉ እስከ ዛሬ ፊት የሚያሳይ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ የቆመ ኩሩ መኪና። ሰውየው በሕይወት ሳለ «ልጄን ከዚህ ቤት የማስወጣት በዚህ መኪና ነው» ብሎ ነበር። ሙሽራዋ የአባቷን መልክ በቅጡ አታስታውስም። የቀራት ይህ ቃል ብቻ ስለሆነ፣ በኪራይ መኪና ትሂድ ሲባል ምርር ብላ አለቀሰች።

ታላቅ ወንድሟ ጋራዥ አለው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቡሬተር የሌለው መኪና መኪና አይመስለውም፤ ሰፈሩ «ካርቦ» ይለዋል። ታናሽየውም ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ አለው። መኪና ሲመጣለት ከመፍቻ በፊት ላፕቶፕ ያነሳል፤ እሱን ደግሞ «ኮምፒውተር» ይሉታል። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አሮጌው ካርቡሬተር እንደማይሠራ ሁለቱም ያምናሉ። አንዱ በሌላ ካርቡሬተር እንተካው ይላል፤ ሌላው የለም፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ኢንጄክሽን እንግጠምለት ይላል።

ኮፈኖው ላይ ጓጉንቸር አለ፤ ቁልፉ እናትየው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ባሏ በሞተበት ክረምት ልጆቹን አጎታቸው ዘንድ ልካቸው ነበር። ሲመለሱ መኪናው ሸራ ለብሶ፣ ጓሮ ደግሞ ወፍጮ ቤት ተሠርቶ ጠበቃቸው። በዚያ ወፍጮ ሦስቱንም አሳደገች። ሴትየዋ ሁለት ሕግ አላት። ግሪስ የነካው እጅ ወፍጮ ቤቷ አይገባም፤ ዱቄት ያበላሻል። ኮፈኖውም ሁለቱ ሳይስማሙ አይከፈትም።

«አንዳችሁ የገጠመውን ሌላችሁ ልታፈርሱ? መጀመሪያ ተስማሙ!» ትላለች።

ከስር ገብቶ ማየትም አልተቻለም። የቤታቸው ድመት እዚያ ወልዳ፣ የተጠጋውን ሁሉ ትቧጭራለች።

ሐሙስ ዕለት ሳሎን ተቀምጠው እንደገና ተጀመረ።

«ካርቡሬተር ማለት ትንፋሽ ነው» አለ ካርቦ። «ጆሮ ከሰጠኸው ሕመሙን ይነግርሃል። የእማዬን ወፍጮ ስማት እስቲ! ሴንሰር የላት፣ ኮምፒውተር የላት፤ አንድ ቀን አስቸግራ ታውቃለች?»

እናትየውን ሻይ ትን አላት።

«ወፍጮ ሙሽራ ጭና ዳገት ትወጣለች እንዴ?» አለ ኮምፒውተር። «ኢንጄክሽን ቤንዚኑን ለክቶ ነው የሚያጠጣው። ጠዋት ቁልፍ፣ ከዚያ እልም!»

«እልም የሚለው ሽቦው ሲቃጠል ነው።»

«ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው!» ብላ ጮኸች ሙሽራዋ። «ሣሩ እኔ ነኝ፣ እናንተ ልበ ደንዳኖች!»

ዓርብ ዕለት ኮምፒውተር አንጀቱ ራራ። «እሺ፣ ለእህቴ ስል ካርቡሬተር ይሁን» አለ።

«ይሁን ልጄ» አለች እናትየው። «ግን ብርድ ሲሆን ካርቡሬተር ያስቸግራል አላልክም?»

ኮምፒውተር እንደ አዲስ ነደደ። ቅዳሜ ደግሞ ካርቦ ተሸነፈ፤ ኢንጄክሽኑ ይግባ አለ።

«ጎበዝ የኔ ልጅ» አለች እናትየው። «ያ ኮምፒውተሩ ግን ዝናብ ቢነካውስ?»

ካርቦ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሳ። ያን ጊዜ ሙሽራዋ ገባት። ለካስ እሳቱን የምትቆሰቁሰው እማዬ ናት! የመጨረሻ ልጇን መልቀቅ አልሆነላትም። እንባዋን እየጠረገች እስከ ወፍጮ ቤቱ በር ተከተለቻት።

«እማዬ፣ ቁልፉን የማትሰጪው እኔን ለማስቀረት ነው አይደል?»

«ምን ሆነሽ ነው የኔ ዓለም? ሰርግሽን እኔ ልጠላ?»

«ታዲያ ለምን ታጣያቸዋለሽ?»

እናትየው እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ብትገፉትስ?» አለች ቀስ ብላ። «በጣም ቀላል ነው። እኔና ጎረቤቴ ብቻችንን ገፍተን ነው እዚያ ያቆምነው።»

«ሙሽራ በግፊ?! ሰው ምን ይለኛል?»

እናትየው ገብታ በሩን ዘጋች።

እሑድ ጠዋት ሙሽራዋ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ካልተስማማችሁ ከዚህ አልወርድም! ሙሽራው እዚሁ መጥቶ ያግባኝ!»

«ካርቡሬተር ይሁን!» አለ ኮምፒውተር።

«ኢንጄክሽን ይሁን!» አለ ካርቦ በዚያው ቅጽበት።

«እኔ ተሸነፍኩ አልኩህ እኮ!»

«ቀድሜ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ! ታላቅህ አይደለሁም እንዴ?»

ኮት ለኮት ተያያዙ። ሙሽራዋ የእጅ አበባዋን በመስኮት ወርውራ ካርቦን ግንባሩን ስትለው ተላቀቁ። ለዛሬ ካርቡሬተር፣ ከጫጉላው በኋላ ኢንጄክሽን ተባለና ተጨባበጡ። ካርቦ ለዚህ ቀን ሲያጸዳ የኖረውን ካርቡሬተር ከጨርቅ ፈትቶ አወጣ።

እናትየው አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። በመካከላቸው የምትጥለው ነገር አጣች። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ለታላቁ ሰጠችና ወደ ጓሮ ሄደች። ስሄድ ማየት እንኳ አልቻለችም፣ አለች ሙሽራዋ በልቧ።

ጓጉንቸሩ ተከፈተ። ኮፈኖው ከሙሽራዋ ፊት ተነሳ። የወንድሞቿ ድምፅ ጠፋ።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

ሙሽራዋ ቀሚሷን ይዛ ወረደችና አጎንብሳ አየች። ድመቷ ከነልጆቿ ተጋድማለች። ሞተሩ መቀመጥ ባለበት ቦታ ከድመቶቹ ሌላ የሚታየው የግቢው መሬት ነው። ካርቦ ካርቡሬተሩን እንደ ሕፃን እንዳቀፈ ቀርቷል።

ከጓሮ የወፍጮው ሞተር በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ እናትየውም ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ድምፁን ለማሸነፍ እየጮኸች፣ «ካርቡሬተር ነው!» አለቻቸው።