ሁለቱ ፋንግጂዎች

ሱፌን በመድኃኒት መመርመሪያ ክፍሏ የመስታወቱን ሳህን በመቆንጠጫ ከፈሳሹ አወጣችና እስኪደርቅ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። ከጠዋት ጀምሮ የገበያውን ሥርና ቅጠል ስትመረምር ውላ ወገቧ ተቆርጧል። ይህን አንድ ምርመራ ግን ለነገ ልታሳድረው አልቻለችም፤ ያመጡት አባባ ታን ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር ውጤቱን እየጠበቁ ነው።

አባባ ታን ዕድሜ ልካቸውን መድኃኒት ሲከትፉ የኖሩ፣ ለአባቷም ሙያ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እማማ ዩንሺያ ጉልበታቸውን ሲያማቸው፣ ፋንግጂ የሚባለውን ሥር እየገዙ በገዛ እጃቸው ከትፈውና አፍልተው ሁለት ዓመት አጠጧቸው። አሁን የእማማ ኩላሊት እየከዳቸው ነው። ፋንግጂ ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ መድኃኒት፣ ሌላው ኩላሊት የሚበላ። ከተከተፉ በኋላ ማን ይለያቸዋል?

ከሥሩ የተረፈ አልነበረም። ተፈልቶ የቀረውን ዝቃጭም እንደ አገሩ ወግ መንገድ ላይ ደፍተውታል፤ አላፊ አግዳሚው ረግጦት በሽታውን ይዞ ይሄዳል ይባላል። ምስኪን ሽማግሌ፣ ደጃቸው ላይ አጎንብሰው ከአስፋልቱ ለቅመው ነው ያመጡት። ሲሰጧትም ሰብሬ አይቼዋለሁ፣ ቀምሼዋለሁ፣ እኔን ፋንግጂ ይጠፋኛል ወይ ብለዋታል።

የመመርመሪያውን መብራት ስታበራ ሳህኑ አረንጓዴ ሆነ። የሦስት ሥር ጭማቂ ጎን ለጎን አንጠባጥባበታለች። አንደኛው መስመር ደህናው ሥር፣ ሁለተኛው መርዘኛው፣ ሦስተኛው የአባባ ታን ነው። ደህናው ላይ የሌለችው፣ መርዘኛው ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ሦስተኛውም ላይ በዚያው ከፍታ ቁጭ ብላለች። ሱፌን አልታወቀም ብላ ልትሸኛቸው ቃጣት፤ ግን ነገ ከዚያው ነጋዴ ሌላ ይገዛሉ።

«አባባ፣ እርስዎ ራስዎ ይዩት» አለች።

ጎንበስ ብለው አዩ። ጣታቸውን ከሁለተኛው መስመር ነጥብ ወደ ሦስተኛው አሻገሩ።

«በገዛ እጄ» አሉ።

እማማ ዩንሺያ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሰምተዋል። «ከአምና ወዲህ እኮ ምሬቱ ሌላ ሆኖብኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተ ሽማግሌ፣ በጠዋት ተነስተህ አፍልተህ ስትሰጠኝ ምን ልበልህ?»

አባባ ታን ተንበረከኩና ባለቤታቸው ሲጠብቁ ያወለቁትን ጫማ አንስተው ሊያጠልቁላቸው ያዙ። የእማማ እግር አብጧል፤ አልገባም። ማሰሪያውን ፈቱት። አሁንም አልገባም።